የትርንጎ ቃል በማስረሻ አፍ

የብርሃን እርሻው ሁለት በር ብቻ የቀረው በአንዲት ዶሮ ጦስ ነው። ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። አንድ የፀሐይ መስታወት አጣቢ አገር ቤት ትቷት የመጣት ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ኖሮ በቤቱ ካሜራ በኩል ያያታል። ጎረቤቱ አየ፤ የጎረቤቱ ጎረቤት አየ። ጫጩቶቹ ቅርፊት መስበር የጀመሩ ዕለት የግቢው ሠራተኛ በሙሉ መወልወያውን ጥሎ ዶሮዋ ላይ አፈጠጠ፤ መስታወቱ አቧራ ለበሰ፤ ከተማ ያለው ሕዝብ ደግሞ ለግማሽ ቀን መብራት አጥቶ ዋለ። ጫጩቶቹ በሰላም ተፈለፈሉ። በማግስቱ አጥሩ ጠበቀ።

አጥር ሲባል ሽቦ አይምሰላችሁ። አፋር በረሃ መካከል ሽቦ ምን ሊያደርግ፣ ሙቀቱ ራሱ ዘብ ነው። አጥር የሚሉት ፋየርዎሉን ነው፤ ከግቢው የሚወጣውን እያንዳንዱን ቃል እያገላበጠ የሚፈትሸውን። ከዶሮዋ ወዲህ ወደ ውጭ የሚያስወጡት ፖርቶች ሁለት ብቻ ሆኑ፤ ሰማንያ እና አራት መቶ አርባ ሦስት። ሠራተኛው ፖርት ማለቱን ትቶ በር ነበር የሚላቸው። ምሳ በአራት መቶ አርባ ሦስት ይታዘዛል፤ ጥርስ በዚያው ለሐኪም ይታያል፤ የነፍስ አባትም በዚያው ያናዝዛሉ፣ አንዳንዴም ኃጢአቱ መሐል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ይገባል። ሰማንያ ለውኃ ቆጣሪውና ለመመሪያ ተትቷል። ሰው ወዲያው ለመደው፤ ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ማለዳ ሲገናኙ "በርሽ ይከፈት"፣ "አሜን፣ ያንተም አይዘጋ" ይባባሉና መወልወያቸውን ይዘው ወደ መስታወቱ ባሕር ይሰማራሉ፤ ፀሐይ ስትከር መሬት ውስጥ ወዳለው አዳራሽ ወርደው በተመደበላቸው ቅዝቃዜ ልክ ይጋደማሉ።

ትርንጎ ሙጬም ለምዳው ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ አባቷ ቤት እስከሄዱበት እስከዚያ እሑድ ድረስ።

ትርንጎ ምላሷ የሰላ፣ ሳቋ ከሦስት ረድፍ መስታወት ማዶ የሚሰማ የጎጃም ልጅ ናት። ጎሹ ደግሞ የማጠቢያ መኪና የሚነዳ፣ አንድ ቃል ለማውጣት ግማሽ ቀን የሚያስብ የወሎ ልጅ ነው። እንዴት እንደተዋደዱ የግቢው ሰው እስከ ዛሬ ይከራከራል። እሷ "ሁለታችንም ብናወራ ማን ይሰማል?" ትላለች። ተዋደዱ፤ ጎሹም እንደ ወጉ ሽማግሌ ላከ።

አንደኛው ጊዜ "እንመክራለን" ተባሉ። ሁለተኛው ጊዜ "ዘመድ እንጠይቃለን" ተባሉ። ይህ ያለ ነው፤ ልጅ እንደ ጎመን በአንድ ቃል አይሰጥም። ሦስተኛው ግን መቁረጫው ነው፤ ወይ እሺ ነው ወይ እምቢ ነው፤ እምቢ ከተባለ ወዲያ ያንን ደጅ መርገጥ ነውር ነው።

የትርንጎ አባት አያ ሙጬ ደግሞ አንድ ነገር ይዘዋል። "ልጄ በራሷ ቃል፣ በቤቴ በር በኩል 'እፈልገዋለሁ' ካላለች አልሰጥም" ብለዋል። ክፋት አይደለም። ከዓመታት በፊት ማሽን የጎረቤታቸውን ልጅ ድምፅ ኮርጆ "እሺ" ብሎ፣ ልጅቱ ሳታውቀው ተድራ ነበር፤ ያንን ለማፍረስ ስንት እንባ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ። የሌላ ሰው ድምፅ ቀድቶ ማሻገር ወንጀል ሆነ፤ ዱሮ እንደ እሺታ ይታይ የነበረው የሴት ልጅ ዝምታም እንደ እምቢታ እንዲቆጠር ተደነገገ። አያ ሙጬ ይህን ሕግ ካወጡት ሰዎች በላይ ወደዱት። ሽማግሌ ሁሉ ስልኩን ከደጅ ግራር ሥር ትቶ ነው የሚገባው። ቤታቸው የሚያምነው ትርንጎ ብቻ ቁልፍ ያላትን የራሱን በር ነው።

ችግሩም ያ በር ነው። የኢንተርኔት አድራሻ ያለቀበት ዘመን አይደል፤ ለግራር አምባ ቀበሌ በሙሉ የደረሳት አንድ አድራሻ ነው። ቤቶቹ የሚለዩት በፖርት ቁጥር ነው። ዋናውን በር፣ አራት መቶ አርባ ሦስትን፣ የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ያዘው፤ ሌላው ሰው የደረሰውን ቁጥር ተቀበለ። አያ ሙጬ ሰባት ሺህ አርባ ናቸው። ገበያ ላይ "የትኛው ሙጬ?" ሲባል "ባለ ሰባት ሺህ አርባው" ነው መልሱ። እሳቸውም ይኮሩበታል። "ሌባ የሚሞክረው ዋናውን በር ነው" ይላሉ። እንግዲህ አጥሩ የማያስወጣው ቁጥር ይኸው ነው።

እሑድ ጠዋት ትርንጎ ፊቷን ታጥባ፣ ጥሩ ነጠላዋን ለብሳ፣ አዳራሹ ጥግ ስክሪኗ ፊት ተቀመጠች። ሰባት ሺህ አርባ ብላ ከፈተች። ክቡ ዞረ። ዞረ። አሁንም ዞረ። የአጥሩ ክፋት ይህ ነው፤ እምቢ እንኳ አይልም። እምቢ ቢል ሰው ቁርጡን ያውቃል፤ እሱ ዝም ነው። የላክሽውን ይውጥና እንዳልሰማ ይሆናል።

"ምን አለ?" አለ ጎሹ ከኋላዋ።

"ምንም። አንተን ነው የመሰለው።"

ወደ አጥሩ ኃላፊ ሮጠች። ብሥራት ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ የጫጩቶቹን ፎቶ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ሰቅሏል።

"ብሥራት፣ በማርያም፣ ሰባት ሺህ አርባን ለአንድ አፍታ ክፈትልኝ። 'እፈልገዋለሁ' ብዬ ልዝጋው፤ አንድ ቃል ነው።"

"እህቴ ትርንጎ፣ እኔ እኮ ዘጊ እንጂ ከፋች አይደለሁም። የሚከፍተው ኮሚቴው ነው። ማመልከቻ አስገቢ፤ ከክረምት በኋላ ይሰበሰባሉ።"

"ክረምት? እዚህ ዝናብ አይተህ ታውቃለህ?"

"የኮሚቴው ክረምት ነዋ" አለ ብሥራት አንገቱን ደፍቶ።

"የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ዋናው በር ላይ አለ፤ በሱ በኩልስ ቢያደርሱልኝ?"

"ሞክሪው፤ እሱ ክፍት ነው።"

ሞከረችው። መጋዘኑ ዋናው በር ላይ በክብር ተቀምጦ "በሰንበት አንሠራም" አላት። ምን ታድርግ፣ እውነቱን ነው።

ከአገር ቤት የሚመጣው ወሬ ደግሞ አላስቀምጥ አላት። ሽማግሌዎቹን ያመጣው ሾፌር የጎሹ የአጎት ልጅ ነው፤ ግራሩ ሥር ስልኮቹን እየጠበቀ፣ በአያ ሙጬ ግቢ አጥር ላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ እያየ፣ ለጎሹ በዋናው በር መልእክት ይሰድዳል። "ገብተዋል። 'ተቀመጡ' ሲባሉ 'ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም' ብለው ቆመዋል።" ይህም ወግ ነው። ቀጥሎ፦ "አያ ሙጬ የቤቱን በር ከፍተው እየጠበቁ ነው። ድምፅ የለም።" ቀጥሎ፦ "ገብቼ 'አጥር ከልክሏት ነው' አልኳቸው። 'አጥር ከለከላት የሚል ወሬ ድምፅ ከሚኮርጅ ሰው ነው የሚመጣው' ብለው አባረሩኝ።" ቀጥሎ፦ "ሽማግሌው አያ ባንተይርጋ ጉልበታቸው ከድቷቸው ግድግዳ ተደግፈዋል። መደገፍ መቀመጥ ነው አይደለም የሚል ክርክር ተነሥቷል።" በመጨረሻም የጎሹን ፊት አመድ ያስመሰለው መጣ፦ "አያ ሙጬ 'እስከ ስምንት ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ዝምታዋን እንደ ቃሏ እወስደዋለሁ' አሉ።"

ዝምታ እምቢታ ነው። ትርንጎ፣ በሕይወቷ ዝም ብላ የማታውቀው ትርንጎ፣ ዝም በማለቷ ባል ልታጣ ነው። ሳቅም እንባም አብረው መጡባት።

"አባዬን ሳስበው ነው የሚያንገበግበኝ" አለች። "እኔን ሊጠብቅ ብሎ እኮ ነው። ደጁ ላይ ተቀምጦ ድምፄን እየጠበቀ ነው፤ እኔ ደግሞ ዝም አልኩት።"

ጎሹ አሰበ፤ አሰበና "ጠፍተን በእግራችን እንሂድ" አለ።

"በዚህ በረሃ? ሬሳችንን ነው የሚድሩን!"

አዳራሹ ውስጥ በዚህ ሰዓት ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ባለው ትልቁ ስክሪን የማስረሻን ቤት ያያል። ማስረሻ ባሕር ዳር የአዝማሪ ቤት ያለው ሰው ነው፤ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ማሲንቆውን እንደ ሕፃን የሚታቀፍ። ቤቱ ዋናው በር ላይ ነው። አድማጭ ከየትም ሆኖ "ተቀበል!" ይልና ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱ ተቀብሎ በማሲንቆው ያወርደዋል፤ እንደ አባት አያቶቹ። የሚሻገረው የሱ የራሱ ድምፅ ስለሆነ ሕግም አይነካው። ያን ሰዓት አንድ የመኪና ሾፌር ከጅቡቲ መንገድ ላይ ሆኖ፣ አኩርፋ ቤት ለተቀመጠች ሚስቱ ግጥም ሰጥቶት ነበር።

"ቁጥሯ ስንት ነው ወንድሜ?" አለ ማስረሻ።

"ዘጠኝ ሺህ ሁለት፣ ሞጣ።"

ማስረሻ ዘጠኝ ሺህ ሁለትን አንኳኳ። ተከፈተለት። ሴትዮዋ "ሂድ ከዚህ" ማለቷን ሲነግራቸው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም፤ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ቆመች።

"ጎሹ! ዘጠኝ ሺህ ሁለት ነው ያለው!"

"ሰማሁ።"

"እኛ ወደ ማስረሻ በዋናው በር እንሄዳለን። ማስረሻ አጥር የለበትም፤ ወደፈለገው ቁጥር ይሄዳል። እኔ ለሱ፣ እሱ ለአባዬ!"

ጎሹ አፉን ከፈተ፤ ሊናገር ነው ብላ አልጠበቀችም፤ ስክሪኗ ላይ ዘላ ወረፋ ያዘች። ወረፋው ረጅም ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል አለፈ። አዳራሹ ነገሩን ሲሰማ የራሱን ተራ የያዘው ሁሉ ለቀቀላት፤ አንዲት መወልወያ አዳይ ሴትዮ ብቻ "እኔም ለልጄ የልደት ግጥም ነበረኝ" ብላ ትንሽ አኮረፈችና እሷም ለቀቀች።

"አቤት፣ የኔ እመቤት" አለ ማስረሻ ከግድግዳው ላይ። "ከየት ነሽ? ምን ልቀበል?"

"ከብርሃን እርሻው። ትርንጎ ሙጬ እባላለሁ። ወንድሜ ማስረሻ፣ አባቴ ቤት ሽማግሌ ቆሞብኛል። ቃሌን ስጥልኝ። ግራር አምባ፣ ሰባት ሺህ አርባ።"

ማስረሻ የደጋኑን እጅ አቆመ። ሃያ ዓመት ሲዘፍን ፍቅር አሻግሯል፣ ስድብ አሻግሯል፤ የጋብቻ ቃል ግን አሻግሮ አያውቅም። "ወይ ጉድ!" አለ። "ቆመው ነው?"

"ቆመው። አንዱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።"

"እንግዲያስ እንፍጠን።" ሰባት ሺህ አርባን አንኳኳ፤ ድምፁን ጠረገና አወረደው፦

"ክፈትልኝ በሩን አያ ሙጬ ሆዴ፣
የትርንጎን መልእክት ይዣለሁ በክንዴ።"

በሩ ተከፈተ። የአያ ሙጬ ድምፅ ግን በአዳራሹ አልተሰማም፤ በሕጉ መሠረት ማስረሻ ብቻ ነው የሚሰማቸው። ሰምቶ በራሱ አፍ ነገራት።

"አባትሽ 'አዝማሪ ስሜን ቢጠራ ምን ይገርማል፣ ስሜ ገበያ ላይ አለ። ልጄ ከሆነች የላከችህ ልጄ የምትለውን ታሰማኝ' ብለዋል። ስጪኝ እቴ።"

ትርንጎ አዳራሹን አየች። የግቢው ሠራተኛ በሙሉ ያያታል። ከማስረሻ ቤት ማዶ ደግሞ አገር በሙሉ ያዳምጣል። አባቷ ደጅ የተከበሩ ሽማግሌዎች ቆመዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ጨዋ ልጅ ምን ትላለች? አባቷን ታከብራለች እንጂ! አከበረች።

"ተቀበል" አለች፤ ማስረሻም ተቀበለ፦

"አባቴ ጌታዬ የደብሩ ዋርካ፣
ጥላህ ነው ያኖረኝ ክብርህ የማይለካ።"

አዳራሹ አጨበጨበ። የአዝማሪው ቤት አጨበጨበ። ማስረሻ ጆሮውን ወደ ሰባት ሺህ አርባ አዘንብሎ ሲሰማ ፊቱ ቀስ በቀስ ጠቆረ።

"ምን አሉ?"

"'ዋርካ?' አሉ። 'ልጄ ዋርካ ብላኝ አታውቅም። ይሄ የማሽን ነው፤ ማሽን ነው ሰውን ሁሉ የሚያሞግሰው። ልዘጋው ነው' አሉ።"

ትርንጎ ራሷን በጥፊ መምታት ቀራት። እውነታቸውን ነው! በዚያ ዘመን ማሽን ሁሉ ጨዋ ነው፤ ሰው እንዳይቀየም ተብሎ የተገራ ነው፤ የምግብ ማዘዣው "ውድ እመቤቴ" ይላል፣ የውኃ ቆጣሪው ውኃ ሲያቋርጥ "ክቡር ሆይ" ይላል። እሷ ደግሞ አባቷን ከተወለደች አክብራ አነጋግራው አታውቅም። ሽንብራ ሲያርሙ፣ ከብት ሲያስገቡ፣ ራት ላይ፣ ሲነቋቆሩ ነው የኖሩት። እናቷ "እናንተ ስትዋደዱ ቤት ይናጋል" ትል ነበር።

የአባቷን ቁልፍ ታውቀዋለች። ሁለት ሰው ብቻ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ግን አደራ ነው፤ ለእናቷ እንኳ አልነገረችውም። አሁን አገር ፊት ልታወጣው ነው። አባቷ የኮራ ሰው ነው፤ ቢቀየምስ? ቢዘጋስ? ጎሹን አየችው። እሱ ደግሞ በዓመቱ አንዴ የሚያወጣትን ቃል አወጣ።

"በይው።"

"ተቀበል፣ ማስረሻ። እንዳትለውጠው፣ እንዳታለሰልሰው።" በጆሮው የምታንሾካሹክ ይመስል ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ሰጠችው። ማስረሻ ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ሁለት ጊዜ "እርግጠኛ ነሽ?" አላት፤ ከዚያ ደጋኑን አነሣ፦

"በግ ያሳደደህ ቀን ዛፍ ላይ የወጣኸው፣
ቅርንጫፍ ልቆርጥ ነው ብለህ የዋሸኸው፤
መጥረቢያህ የት አለ ብዬ ከሥር ብጣራ፣
እንዳትናገሪ ያልከኝ ነኝ በአደራ።"

ማንም አላጨበጨበም። ማስረሻ ጆሮውን አዘንብሎ ቀረ። ከበረሃው በላይ ፀሐይ መስታወቱን ትቀቅላለች፤ መሬት ሥር ያ ሁሉ ሰው ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። በዚህ መሐል የአዳራሹ በር በኃይል ተበረገደና ብሥራት እያለከለከ ገባ። አገልግሎቱን ሊያቋርጥ የመጣ መስሏቸው ሰዎች መንገዱን ሊዘጉበት ተነሡ። ግቢው በሙሉ አንድ አዝማሪ ቤት ላይ ተንጠልጥሎ የአጥሩ መለኪያ ከዶሮዋ ቀን በላይ ሰማይ ነክቶ ነበር።

"ብሥራት፣ እንዳትዘጋው!" ጮኸች ትርንጎ።

"ምን ብዬ እዘጋዋለሁ? ዋናው በር ነው፣ ሕጋዊ ነው!" አለ ብሥራት። "ሩጬ የመጣሁት ቢሮዬ ያለው ስክሪን ስለሚቆራረጥ ነው። ምን አሉ? ከበጉ በኋላ ምን አሉ?"

"ዝም ብለዋል" አለ ማስረሻ ቀስ ብሎ። "አሁንም ዝም ናቸው።" ጆሮውን አስጠጋ። "ቆይ... የሚስቅ ሰው አለ። እሳቸው አይደሉም፤ ሌላ ሽማግሌ ነው። ኧረ በሳቅ እየወደቀ ነው! 'አያ ባንተይርጋ፣ ግድግዳውን ያዝ' እያሉት ነው። አሁን... አሁን ሁለተኛ ሰው መሳቅ ጀመረ።" ማስረሻ ቀና አለ፤ ጉንጩ ሁሉ ጥርስ ሆነ። "እሳቸው ናቸው! አባትሽ ናቸው! 'በጉ እኮ ቀንዳም ነበር' እያሉ ነው!"

አዳራሹ ፈነዳ። ትርንጎ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እንባዋ በእጇ ጀርባ ወረደ፤ ደስታ ነው፣ ምን ትደብቃለች።

"ዝም በሉ፣ ዝም በሉ፣ እየጠየቁ ነው" አለ ማስረሻ። "'ልጄ ናት፣ አወቅኳት። አሁን ንገረኝ፤ ይህን ልጅ ትፈልገዋለች ወይ? ማንም ሳይጫናት፣ እሷው ትፈልገዋለች ወይ?' ብለዋል።"

"ተቀበል!" አለች ትርንጎ፣ አሁን ድምፅዋ አዳራሹን ሞልቶ።

"ማንም ሳያስገድደኝ በአፌ ልናገር፣
ጎሹን ነው የምሻ ከሰው ሁሉ ካገር።"

ሰምና ወርቅ የለው፣ ቅኔ የለው፤ ሕፃን የሚረዳው ግጥም ነው። ማስረሻም አላስጌጠውም፤ እንደሰጠችው ሰጠ። ጎሹ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀልቶ ወለሉን ያይ ነበር፤ ጓደኞቹ ጀርባውን እየደበደቡ ሊገድሉት ነው። ከግራር አምባ መልሱ ሲመጣ ማስረሻ መጀመሪያ ለራሱ ሳቀ፤ ከዚያ ተነሥቶ ቆሞ ነው የዘፈነው፦

"ገበናዬን ሁሉ ዘርግፋው ባደባባይ፣
ልጄ ናት አወቅኳት ከምላሷ ላይ፤
ሰጥቻለሁ ጎሹ ውሰዳት በጤና፣
የዚህችን ልጅ ምላስ አንተም ቅመሰውና።"

እልልታው ከሦስት አገር ተነሣ ማለት ይቻላል፤ ከግራር አምባ፣ ከባሕር ዳርና ከበረሃው ሥር። ኩርፊያዋን ረስታ መጀመሪያ እልል ያለችው የመወልወያ አዳይዋ ሴትዮ ነች። ወንዶቹ መወልወያ ትከሻቸው ላይ አድርገው እስክስታ ወረዱ። ብሥራት ጎሹን አቅፎ ዘለለ። የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያው ማሽን "ክቡራን ሆይ፣ የአዳራሹ ሙቀት ከተመደበላችሁ በላይ እየጨመረ ነው" ቢል ማን ሊሰማው። ጎሹ ሰውን ሁሉ እየገፋ ትርንጎ ዘንድ ደርሶ ሊናገር አፉን ከፈተና ያሰበው ሁሉ ጠፋበት፤ ግንባሯን ሳመ፤ እሱም በቂ ነበር።

የሾፌሩ መልእክት መጣ፦ "ተቀመጡ!!! አያ ባንተይርጋ ከተቀመጡበት አልነሣም ብለዋል። አያ ሙጬ በጉን የሚያክል ሙክት እያሳረዱ ነው።"

ማስረሻ ግን ገና ጆሮውን አላነሣም ነበር። እጁን ዘርግቶ "ቆዩ" አለ። "እቴ ትርንጎ፣ አልጨረሱም። ነጥለው እያናገሩኝ ነው።"

አዳራሹ ቀስ በቀስ ረጋ። ማስረሻ ለረጅም ጊዜ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ማሲንቆውን አጠገቡ አስቀመጠው።

"ይህን አትዝፈነው፣ ዝም ብለህ ንገራት ብለውኛል" አለ። "'ደስ ብሎኛል' ብለዋል። ደግሞ 'ቤቱ ጭር ብሏል' ብለዋል። 'ሁለቱንም ንገራት፣ አንዱን እንዳታስቀር' ብለዋል።"

ትርንጎ ግጥም ፈለገች። ያ ሁሉ ምላስ፣ ያ ሁሉ ነቆራ፣ አንዲት ስንኝ እንኳ አልመጣላትም። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ሰዉ ሁሉ ይጠብቃት ነበር።

"እኔም ሁለቱንም" አለች። "በልልኝ።"